ቀስ ብሎ እግርን ስለሚያስር ደዌ፤ ተስፋንም በሚዛን ስለ መያዝ

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሕመም ተኝቶ የኖረው ሰው ታሪክ ይነበባል። እኛ በዲቁናችን ዘመን ይህን ምንባብ ደጋግመን ሰምተነዋል፤ አንብበነዋልም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ በሽተኛው አልጋውን ተሸክሞ በሄደባት በዚያች ቅጽበት ስንደነቅ፣ ከእርሷ በፊት ያለፉትን ሠላሳ ስምንት ዓመታት አንድ በአንድ ቈጥረናቸው አናውቅም ነበር። በየማለዳው ማን ያነሣው እንደ ነበረ፣ ማን ውሃ ያቀብለው እንደ ነበረ፣ ዘመዶቹስ በስንተኛው ዓመት እንደ ታከቱ አልጠየቅንም። ይህን እንድንጠይቅ ያስተማረን በሆሞሻ ያለ የአንድ ባልንጀራችን ቤት ነው።

ሆሞሻ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ወረዳ ናት። ነባሮቹ ነዋሪዎቿ የበርታ ሕዝብ ናቸው፤ ለማስተማር፣ ለመንግሥት ሥራና ለንግድ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣን ሰዎችም ከእነርሱ ጋር በጉርብትና እንኖራለን። ባልንጀራችን የተወለዱት በጎጃም ነው። የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ እርሳቸውም፣ «ታሪኩ ለሌላ ቤተ ሰብ የሚጠቅም ከሆነ ይጻፍ፤ ስሜ ግን ይቅር» ብለውናል።

ነገሩ የተጀመረው ከጫማ ነው። ባልንጀራችን አርባ ሁለት ዓመት በሞላቸው ጊዜ፣ የቀኝ ጫማቸው አፍንጫ ከግራው ቀድሞ እያለቀ መሆኑን ባለቤታቸው አስተዋሉ። ጫማ ሰፊው አንድ ጊዜ ጠገነው፣ ሁለተኛም ጠገነው፤ በሦስተኛው ግን፣ «መምህር፣ እግርዎን መሬት ላይ ይጐትታሉ እንዴ?» ሲል ጠየቃቸው። ቀጥሎም በማኅሌት ሌሊት መቋሚያቸውን የሚይዙበት መንገድ ተለወጠ። ቀድሞ መቋሚያውን ለዝማሜ ያነሡት ነበር፤ በኋላ ግን ከመሬት ሊያላቅቁት አልቻሉም። እኛ ከአጠገባቸው ቆመን ይህን አይተናል፤ ድካም ነው ብለንም አልፈነዋል።

ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዱ ብርድ መትቶዎታል አለ፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሦስተኛው በልጅነታቸው በሀገራቸው የበሉት ጓያ ነው አለ። እኛም ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም። ጠበሉን ፈጽመው ሐኪሙን ከዚያ በኋላ ቢያዩ ይሻላል ብለን የመከርናቸው እኛ ነን። በዚህ ምክር ምክንያት አንድ ዓመት ያህል አለፈ። በኋላ የንስሐ አባታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ጠበልና ሐኪም የሚጣሉ ነገሮች አለመሆናቸውን፣ መጽሐፈ ሲራክም በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር የሚያስተምር መሆኑን አስታውሰው በቀስታ ገሠጹን። ተግሣጹ ለእኛ የተገባ ነበረ።

ጓያ ነው ወይስ ሌላ?

ባልንጀራችን በመጨረሻ ወደ አሶሳ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃቸው ስለ ጓያ ነበረ፤ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም።

እግርን ስለሚያደርቅ ደዌ ሀገራችን የራሷ የሆነ የምርምር ታሪክ አላት። ከነርቭ ሐኪሞቻችን ቀደምት የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ1986 እስከ 1988 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎች በሚኖሩበት ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ የነርቭ ሕመምተኞችን ቈጥረዋል። በዚያ ቈጠራ ከሁሉ በዝቶ የተገኘው የሚጥል በሽታ ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነት ነበረ። እኒሁ ሊቅ የጓያን ጉዳት በደምቢያና በፎገራ አጥንተዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ ደግሞ በወሎ በደላንታና በዳውንት ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች በጓያ ምክንያት እግራቸው እንደ ተጐዳ፣ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ሀገር ሊቃውንት በ1999 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አስታውቀዋል።

የጓያ ጉዳት ግን ጠባዩ የታወቀ ነው። ሰው በችጋር ዘመን ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ሲበላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ እግሩን ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ልክ ይኖራል እንጂ ከዓመት ወደ ዓመት እየባሰ አይሄድም። የባልንጀራችን ደዌ በአንጻሩ የያዘበት ቀን አይታወቅም፤ በየዓመቱም ጥቂት በጥቂት ወደ ፊት ይሄዳል። በዚህ ላይ የጣቶቻቸው ጫፍ ይደነዝዛል፤ ሽንትም ያጣድፋቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ጓያን ተዉት። የአከርካሪ አጥንት ነቀርሳ እንደ ሆነ መረመሩ፤ አልነበረም። ደሙ ተመረመረ፤ የቫይታሚን እጥረትም ሆነ ሌላ ምክንያት አልተገኘም። ከዚያ በኋላ በኤም አር አይ መሣሪያ የራስ አንጐላቸውና ኅብለ ሰረሰራቸው ታየ፤ ከወገባቸውም በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ ተቀዳ። ይህ መርፌ በሕዝባችን ዘንድ ሽባ ያደርጋል ተብሎ እጅግ ይፈራል፤ ባልንጀራችን ግን ከአንድ ቀን የራስ ምታት በቀር ምንም አላገኛቸውም።

የደዌው ስም መልቲፕል ስክለሮሲስ ሆነ። ሐኪሙ ጨምረውም፣ «ከሁለቱ ዐይነት የእርስዎ ቀስ በቀስ የሚገሰግሰው ነው» አሏቸው።

የደዌው ጠባይ

ነርቭ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመስላል ብንል ከእውነት አንርቅም። ሽቦው በላስቲክ እንደሚሸፈን፣ ነርቭም ማየሊን በሚባል ቅባትነት ባለው ነገር ተሸፍኗል። በዚህ ደዌ ጊዜ ሰውነትን ከጀርም ሊጠብቅ የተሠራው መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሱን የነርቭ ሽፋን ይልጣል። የተላጠውም ቦታ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው በአንጐልና በኅብለ ሰረሰር በብዙ ቦታ ስለሚገኝ ስሙ በትርጓሜው ብዙ ጠባሳ ማለት ነው። በፓሪስ የሳልፔትሪየር ሐኪም ቤት ሊቅ የነበረው ሻርኮ ደዌውን ከሌሎቹ ለይቶ የገለጸው በ1868 ነው።

ደዌው ከማን ላይ እንደሚነሣ ገና ሙሉ በሙሉ አልታወቀም። ከምድር ወገብ በራቁ ብርዳም ሀገሮች ይበዛል፤ በእኛ በኩል ጥቂት ነው። የፀሐይ ብርሃን ማነስና ትምባሆ ማጨስ እንደሚያግዙት ታውቋል። በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ የአሜሪካ ወታደሮችን የደም መዝገብ ለሃያ ዓመት ተከታትሎ፣ ደዌው ከያዛቸው 955 ሰዎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አስቀድሞ ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ ይዟቸው እንደ ነበረ አሳይቷል። ይህ ቫይረስ ግን በዓለም አብዛኛውን ሰው የሚይዝና በአብዛኛው ያለ ጉዳት የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ብቻውን ደዌውን አያመጣም፤ ያለ እርሱ ግን ደዌው እምብዛም አይመጣም። የሰው ዓይንና መተት በዚህ መዝገብ ቦታ የላቸውም፤ ጐረቤትን መጠርጠርም ከንቱ ነው። ደዌው ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍም፣ ከበሽተኛው ጋር አብሮ መብላትም ሆነ መተኛት የሚያስፈራ አይደለም።

በ2020 በተደረገው ግምት በዓለም 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ደዌ ይኖሩ ነበር። ከመቶው ሰማንያ አምስት ያህሉ የሚጀምራቸው የሚነሣና የሚበርደው ዐይነት ነው፤ ይህም ድንገት ዓይንን ወይም እጅን ይይዛል፤ ከሳምንታት በኋላ ይለቃል፤ እንደ ገናም ያገረሻል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ማገርሸቱን ትቶ ቀስ በቀስ ወደ መገስገስ ይዞርባቸዋል። የቀሩት አሥራ አምስት ያህሉ ግን፣ እንደ ባልንጀራችን፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ የሚገሰግሰው ዐይነት ይይዛቸዋል። ለሚያገረሸው ዐይነት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ መድኃኒት ተገኝቷል። ለሚገሰግሰው ግን ምርምሩ እጅግ ዘገየ፤ ምክንያቱም ነበልባሉ ከውጭ የሚታይ ሳይሆን፣ በአመድ ውስጥ እንዳለ ፍም ከውስጥ የሚበላ በመሆኑ ነው።

የምርምር ሚዛን

ባልንጀራችን ከአዲስ አበባ በተመለሱ በሁለተኛው ወር፣ የባለቤታቸው ወንድም አንድ ወሬ ይዞ ወደ ሆሞሻ መጣ። በውጭ ሀገር ያለ አንድ ሐኪም ቤት፣ በአንድ ደላላ አማካይነት፣ ከሰውነት በሚወሰድ ሕዋስ ደዌውን ፈጽሞ እንደሚያጠፋ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ዋጋው በአሶሳ ያለውን ቤታቸውን የሚያሸጥ ነው። ያ ቤት የልጆቹ ብቸኛ ርስት ነው። ወንድምየው በቅንነት ነበር የመጣው፤ እኅቱ ስታለቅስ ከማየት ቤት ቢሸጥ ይሻላል ብሎ ያምናል። ባልንጀራችንም፣ «አንተ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑንም የአስኳላውንም ትምህርት ቀምሰሃልና፣ ምርምሩ የሚለውን ፈልገህ አንብብልኝ፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ» አሉን። እኛም ለብዙ ሌሊት አነበብን፤ ያልገባንንም ሐኪሙን በስልክ ጠየቅን። ያገኘነው እንዲህ ነው።

የሕክምና ምርምር ዋና ሥርዓቱ እንደ ፍርድ ቤት ምስክርነት ነው። ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ለአንዱ ወገን መድኃኒቱ፣ ለሌላው ወገን መድኃኒት የሌለበት አምሳያው ይሰጣል። ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ሕመምተኛውም አያውቅም፤ የሚመረምረው ሐኪምም አያውቅም። ይህ የሆነበት ምክንያት የሰው ልብ የሚመኘውን ስለሚያይ ነው፤ የሐኪምም ልብ ቢሆን የሰው ልብ ነው።

በዚህ ሥርዓት ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት ከመጀመሪያው በሚገሰግሰው ደዌ በተያዙ 439 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2009 ታተመ፤ በጠቅላላው ሲታይ ደዌውን ለማዘግየቱ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ51 ዓመት በታች በሆነና ብግነታቸው በምስል በሚታይ ሰዎች ዘንድ የጠቀመ መሰለ። ሊቃውንቱ ከውድቀቱ ይህን ፍንጭ አንሥተው፣ የእርሱ ዘመድ የሆነውን ኦክሬሊዙማብን ከ18 እስከ 55 ዓመት ባሉ 732 ሰዎች ላይ ፈተኑ። መድኃኒቱ በየስድስት ወሩ በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን፣ ጥናቱ በ29 ሀገሮች ተካሄደ። ውጤቱ በ2017 ታተመ፤ በዚያው ዓመትም የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ከመጀመሪያው ለሚገሰግሰው ደዌ የመጀመሪያው መድኃኒት አድርጎ ፈቀደው። ከሻርኮ ዘመን እስከዚያ ድረስ አንድ መቶ ዐርባ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር።

ዜናው ደዌውን በመቶ ሃያ አራት አዘገየ ይላል። እኛ ግን በክፍላችን እንደምናደርገው በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። አምሳያውን ከወሰዱት ከመቶው ሠላሳ ዘጠኝ ያህሉ በጥናቱ ዘመን ባሰባቸው። መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ ከመቶው ሠላሳ ሦስት ያህሉ ባሰባቸው። ልዩነቱ ከመቶ ስድስት ሰው ነው። ስድስት ሰው ጥቂት አይደለም፤ ከስድስቱ አንዱ አባት ወይም እናት ሊሆን ይችላልና። መድኃኒቱ ግን የሞተውን ነርቭ አያነሣም፤ የሄደውን እግር አይመልስም፤ የሚሄደውን ያዘገያል እንጂ። ከመውሰዱ በፊት ደግሞ የጉበት ቫይረስ አለመኖሩ በደም ምርመራ ይረጋገጣል፤ የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት ሀገር እርሱንም መመርመር ያስፈልጋል፤ መከላከያን ስለሚያዳክም ለልዩ ልዩ ልክፈት ያጋልጣልና።

አገርሽቶ ኋላ ወደ መገስገስ ለዞረው ዐይነት ደግሞ ሲፖኒሞድ የሚባል እንክብል በ1,651 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2018 ታተመ። ያለ መድኃኒቱ ከመቶ ሠላሳ ሁለት፣ ከመድኃኒቱ ጋር ከመቶ ሃያ ስድስት ባሰባቸው። ልዩነቱ አሁንም ስድስት ነው። በ2025 የታተመው ሌላ ጥናት፣ ማገርሸቱን በተወው በዚሁ ዐይነት ደዌ በተያዙ 1,131 ሰዎች ላይ ቶሌብሩቲኒብ የተባለውን መድኃኒት ፈትኖ፣ ከመቶ ሠላሳ አንድ ያህል የነበረውን መባስ ወደ ሃያ ሦስት ያህል እንደ ዝቅ አደረገው አሳይቷል፤ ነገር ግን በአንዳንዶቹ ላይ ጉበትን ስለሚጐዳ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል።

ያልሠራውንም መናገር ይገባል። በለንደን ሊቃውንት ለደም ቅባት የሚሰጠውን ሲምቫስታቲን በ140 ሰዎች ላይ ፈትነው፣ የአንጐልን መሟሸሽ በመቶ 43 እንዳዘገየ በ2014 ባሳተሙ ጊዜ በብዙ ቤት ደስታ ሆነ፤ መድኃኒቱ ርካሽ ነውና። ነገር ግን ያው ነገር በ964 ሰዎች ላይ ለዓመታት ተፈትኖ በ2024 ውጤቱ ሲገለጥ፣ መድኃኒቱ የአካል ጉዳቱን አላዘገየም። እንደዚሁም በ2020 በታተመ ጥናት ሦስት የታወቁ አሮጌ መድኃኒቶች በ445 ሰዎች ላይ ተፈትነው ሦስቱም አልጠቀሙም። እነዚያው ሊቃውንት ተስፋ ሳይቈርጡ በ2023 ደግሞ ብዙ መድኃኒት በአንድነት የሚፈተንበትን ኦክቶፐስ የተባለ ሰፊ ጥናት ጀመሩ። ከሚፈተኑትም አንዱ ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን ነው።

ይህን ሁሉ ስናነብ ያስደነቀን የተገኘው መድኃኒት ብቻ አይደለም። አንድ ሊቅ ዐሥር ዓመት የደከመበትን ነገር፣ አልሠራም ብሎ በዓለም ፊት መናገሩ ነው። ደላላው ግን አልሠራም ብሎ የተናገረበት አንድ ቀን የለም።

ቤቱ ይሸጥ ወይስ ይቅር?

በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በባልንጀራችን ቤት ተሰበሰብን። እርሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ ወንድምየውና የንስሐ አባታቸው ነበሩ። ያነበብነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ተናገርን። ስለ ሕዋሱም ሕክምና ሐኪሙን የጠየቅነውን አስረዳን፤ ይህ ብርቱ ሕክምና ሲሠራ የታየው በአብዛኛው በሚያገረሸውና ብግነቱ በሚነድደው ዐይነት ነው፤ ለሕይወትም የሚያሰጋ ነው፤ ለሚገሰግሰው ዐይነት ፈጽሞ ያድናል የሚል ምስክርነት የለም። ደግሞም ለእውነተኛ ምርምር የሚገባ ሕመምተኛ ለሚፈተንበት መድኃኒት ዋጋ አይጠየቅም፤ ጕዳቱንና ጥቅሙን አንብቦ ወይም ተነቦለት በፈቃዱ ይፈርማል፤ በፈለገም ጊዜ ይወጣል። ምርምር ነው እየተባለ ቤት የሚያሸጥ ከሆነ ንግድ ነው።

ወንድምየው ተቈጣ። «እንግዲህ ቁጭ ብለን እንየው?» አለ። ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ የመለሰ አልነበረም። ባለቤታቸው ዐይናቸውን ጠርገው፣ «የሚጠፋው ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሸጠው ነበር፤ እርሳቸው ተስፋ አድርገው ሄደው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ግን በምን ላስነሣቸው እችላለሁ?» አሉ። ባልንጀራችንም፣ «ከመቶ ስድስት ቢሉኝ አውቄ እጠብቃለሁ፤ ከመቶ መቶ የሚለኝን ግን አላምነውም» ብለው ነገሩን ቈረጡት። ቤቱ አልተሸጠም።

ይህ ማለት ሕክምናው ቀረ ማለት አይደለም። በየስድስት ወሩ አዲስ አበባ ወደ ነርቭ ሐኪማቸው ይሄዳሉ፤ ስለ መድኃኒቱም ዕድሜያቸውን፣ ምስላቸውንና አቅማቸውን አይተው ከሐኪሙ ጋር ይመክራሉ። በሀገራችንም ነገር ሁሉ እንደ ቀድሞው አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን ከ2006 ጀምሮ ተጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለዚህ ደዌ የሚሰጡ ሦስት መድኃኒቶችን፣ ሪቱክሲማብንም ጭምር፣ አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። እስካሁን በየጥናቱ የገቡት ሰዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ ይሁን እንጂ ለሚያገረሸው ዐይነት የተደረገ አንድ የኦክሬሊዙማብ ጥናት በተለይ ጥቍሮችንና የላቲን አሜሪካ ተወላጆችን ይዞ፣ እስከ ጐረቤታችን እስከ ኬንያ ደርሷል። መንገዱ ረጅም ቢሆንም ወደ እኛ አቅጣጫ ዞሯል።

በቤት ውስጥ ያለ ሥራ

ምርምሩ እስኪደርስ ቤተ ሰብ የሚሠራው ብዙ ሥራ አለ። የመጀመሪያው ሙቀትን ማወቅ ነው። በመጋቢት በሆሞሻ ሐሩሩ እንደ እሳት ነው። ባልንጀራችን በዐቢይ ጾም አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ከክፍል ሲወጡ ሁለቱም እግሮቻቸው ከዱአቸውና በተማሪዎቻቸው ፊት ወደቁ። ተማሪዎቹ አለቀሱ፤ ሰውም ጾሙ ነው አለ፤ ዓይን ነው ያለም ነበረ። ነገሩ ግን ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኡትሆፍ በ1890 የገለጸው ነው፤ ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ሙቀት ሲበዛበት መልእክቱን ማስተላለፍ ይሳነዋል፤ ሰውነት ሲበርድ ይመለሳል። አዲስ ጉዳት አይደለም። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር የእርሳቸውን ክፍለ ጊዜ ሁሉ ወደ ማለዳ አዞሩላቸው፤ እርሳቸውም ነጠላቸውን በቀዝቃዛ ውሃ አርሰው በአንገታቸው ይጠመጥማሉ። እነሆ፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ የማስተማር ሥራቸው ተረፈ።

ሁለተኛው እግርን አለማሳረፍ ነው። የታመመ ይተኛ የሚለው ደግነታችን በዚህ ደዌ ጊዜ ይጐዳል። ታላቂቱ ልጃቸው የሐኪም ቤቱ ባለሙያ ያሳያትን ተከትላ በየማታው የአባቷን እግር ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። የጡንቻውን ግትርነት የሚያላላ መድኃኒትም አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። ሦስተኛው ቤቱን ማሰናዳት ነው። የደጃፉ ድንጋይ ተነሣ፤ ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ድረስ የእጅ መያዣ ተሠራ። ይህን መያዣ የሠሩት በርታው ጐረቤታቸው ናቸው፤ እስላም ሲሆኑ፣ ከሀገሩ ቀርከሃ ጠርበው ሠርተው፣ ዋጋ ቢጠየቁ ተቈጡ። አራተኛው ሽንትን የሚመለከተው ነው። ሰው በኀፍረት ይደብቀዋል፤ ነገር ግን ተደብቆ ሲቈይ ልክፈት ያመጣልና ለሐኪም መናገር ይገባል። አምስተኛው ጾም ነው። ሕመምተኛ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ እንዳለበት ለንስሐ አባቱ ይንገር እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

የመጨረሻው ኀዘን ነው። በዚህ ደዌ የሚያዝ ሰው መንፈሱ ብዙ ጊዜ ይጨልማል፤ ይህም ከእምነት ማነስ የሚመጣ አይደለም፤ ከደዌው ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ሕመም ነው፤ እርሱም ይታከማል። አስታማሚውንም መርሳት አይገባም። የባልንጀራችን ባለቤት ለሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደ ወላጆቻቸው ቤት አልሄዱም ነበር። አሁን በወር አንድ ቅዳሜ ከማኅበራችን አንድ ሰው በቤቱ ይውላል፤ እርሳቸውም ገበያ ይወጣሉ፣ ዘመድ ይጠይቃሉ።

በዚህ ዓመት የመፃጉዕ ዕለት ባልንጀራችን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምንባቡን ሰሙ። በሁለት ምርኩዝ ነው የመጡት፤ ካለፈው ዓመት በአንድ ምርኩዝ ብሷል። ከቅዳሴ በኋላ ምን እንዳሰቡ ጠየቅናቸው። «ያ ሰው ከደዌው ይልቅ ያስለቀሰው ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱ ነው። እኔ ይህን አላጣሁም» አሉን። ከዚያም ክንዳችንን ይዘው ተነሡ፤ ፀሐዩም ገና ስላልበረታ ቀስ ብለን ወደ ቤታቸው ሄድን።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጐረቤትህ እግሩ ቀስ በቀስ የሚያዝ ሰው ቢኖር፣ ጫማውን ተመልከት፤ እኛ እንዳደረግነው ዓመት አታሳልፍ፤ ፈጥነህ ወደ ሐኪም አድርሰው። ፈጽሞ አድናለሁ ለሚልህ ነጋዴ ቤትህን አትሽጥ። ከመቶ ስድስት ብሎ በእውነት ለሚነግርህ ሐኪም ግን ጆሮህን ስጥ፤ በቀሩት ዓመታት ሁሉ ደግሞ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው አንተ ሁን።